ጣርማበርን መውጣት ያቃታት መኪና

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ቢጓዙ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃንን፣ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አልፈው ደብረ ሲናን፣ ከደብረ ሲናም ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢትን ያገኛሉ። መንገዱ በአውቶቡስ መስኮት ለሚመለከት ተጓዥ ዓይን የሚያጠግብ ነው። ዕድሜዋ የገፋ ፒክአፕ ይዞ፣ ሽንኩርት ጭኖ ሽቅብ ለሚመለስ ሰው ግን ፈተና ነው። ዛሬ የምናወጋዎት ስለዚህ መንገድና በዚህ መንገድ ላይ ጉልበቷ አንዴ እየጠፋ አንዴ እየተመለሰ ባለቤቷን ስላስጨነቀች አንዲት አሮጌ መኪና ነው። «የሞተር ነገር በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአንድ ቤት እንጀራ፣ የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ በዚያች መኪና ላይ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። ባለመኪናዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ራሳቸው የሚነዷት ቶዮታ ሂሉክስ ነበረች፤ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ቱርቦ የሌላት፣ ከመጀመሪያ ልጃቸው በዕድሜ የምትበልጥ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ዘመድ ሁሉ «ሽጫት» አለ። እርሳቸው ግን መንጃ ፈቃድ አወጡና ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እያመጡ፣ በዚያን ጊዜ ፒያሳ አጠገብ በነበረው አትክልት ተራ ማስረከብ ጀመሩ። ሥራው ያዘላቸው። ከዚያ ወዲህ ነው መኪናይቱ መታመም የጀመረችው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ደኅና ስትሄድ ትቆይና አቀበት ላይ በድንገት ትንፋሽ ያጥራታል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ቢረገጥ ለውጥ የለም። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ እየወረደች፣ እየተንገጫገጨች ትቆማለች። ጥቂት ካረፈች በኋላ ስትነሣ ምንም እንዳልነካት ሆና ትሄዳለች። ወደ ጋራዥ ሲወስዷት ደግሞ ደኅና ናት። እንዲህ ያለ ሕመም ሐኪም ፊት ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚጠፋ ሕፃን ነው፤ እናቶች ያውቁታል።

ባለመኪናዋ በአዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል። በመጀመሪያው የናፍጣ ፊልትሮው ተለወጠ፤ በሁለተኛው ኖዝሎቹ ወጥተው ተጸዱ። ሕመሙ አልተነቀለም። በሦስተኛው «ፖምፓው ተፈትቶ መታደስ አለበት» ተባሉ። ፖምፓ ማለት ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ለየሲሊንደሩ የሚያድለው፣ ከሞተሩ ዕቃ ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። የተጠየቁት ገንዘብ የሦስቱን ልጆች የግማሽ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠርግ ነበር። ባይከፍሉ ሥራው ይቆማል፤ ከፍለው ባይድንስ? እኔ አብሬያቸው ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድሁት ይህን ሲያሰላስሉ በነበረበት ሳምንት ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ረዳቱ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው የሚመስል ቀልጣፋ ልጅ፣ በመካከላችን ተቀምጦ እያንቀላፋ ሰንዳፋንና አለልቱን አለፍን። ሸኖ ላይ ሲነጋ ለጋ ቅቤ የያዙ እናቶች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መንገድ ዳር ተደርድረዋል። የሸኖ ቅቤ ስሙ የታወቀ ነውና ባለመኪናዋ «ስንመለስ» ብለው አለፉ። ከጫጫ ወዲያ ሜዳው ገብስና ባቄላ ነው፤ በየግቢው የኩበት ክምር እንደ ትንሽ ጎጆ ቆሟል። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በዚያ መተከሉም ቦታውን ማወቅ ነው።

ከፍታን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንለይ። ሞተርም እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ማንኛዋም አሮጌ ፒክአፕ ትንሽ ብትዝል አይፈረድባትም። ነገር ግን ከፍታ የሚያመጣው ድካም አይመላለስም፤ ከፍታው እስካለ ድረስ አለ። አሥራ አምስት ደቂቃ በማረፍ የሚድን ድካም ግን ከተራራው ሳይሆን ከመኪናይቱ ነው። ይህን የተናገርሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የባለመኪናዋ ልጅም በራሷ መንገድ ደርሳበት ነበር። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጣርማበር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ የተሠራ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አለ። ከዋሻው ወዲህ ደጋው ሜዳ ነው፤ ከዋሻው ወዲያ መሬቱ ከእግርዎ ሥር ይጠፋል። ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ የመኪና መብራት እንኳ ከጥቂት ክንድ አይዘልቅም። ገለጥ ሲል ጭላዳዎቹ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ለመኪና ጩኸት ቁብ የላቸውም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ረዳቱ ነቅቶ «እትዬ፣ በፎሌ እንልቀቃት? ናፍጣ ይተርፋል» አለ። ባለመኪናዋ ገላመጡትና በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ። ልክ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ማርሽ የሞተሩን ጉልበት ለፍሬን አጋዥ ያደርገዋል። በፎሌ የለቀቀ ሰው ሸክሙን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል፤ ፍሬኑም ግሎ ይከዳል። ሞተሩን ጭራሽ ያጠፋ ደግሞ ከጥቂት ርግጫ በኋላ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ድንጋይ ይጠነክርበታል፤ ምክንያቱም ፍሬኑን የሚያቀለው መሣሪያ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነውና።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ከበቡን። ከዚያ አርማንያን አልፈን ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢያችንን አውልቀን ነበር። ጧት ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ቀትር ላይ ከማንጎ ዛፍ ሥር ጥላ ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ መኪናይቱ አንዲት ጊዜ እንኳ አልደከመችም። ባዶ ናት፤ መንገዱም አብዛኛው ቁልቁለት ነው።

ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ተጫነ። ጭነቱ እስኪታሰር ባለመኪናዋ ከመሪው አጠገብ ካለው ኪስ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አወጡና አሳዩኝ። ልጅቱ እናቷ ከመንገድ በተመለሱ ቁጥር እየጠየቀች የመዘገበችው ነው፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጭነቱ፣ ናፍጣው ስንት እንደ ነበር፣ ጭስ መኖር አለመኖሩ፣ የሙቀት መለኪያው የት እንደ ቆመ፣ ስንት ደቂቃ እንዳረፈች። ሰባት ጊዜ ተጽፏል። ሰባቱም አቀበት ላይ ነው። ሰባቱም በጭነት ነው። ናፍጣው አንዳንዴ ሙሉ፣ አንዳንዴ ከግማሽ በታች ነው። ሙቀቱ ደኅና፤ ጥቁር ጭስ የለም። ሁሉም ካረፈች በኋላ ድናለች። ይህ ደብተር ከፖምፓው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሚያወጣ ያን ዕለት ማታ ታወቀ።

አርማንያን ወደ ላይ አልፈን ጠመዝማዛውን ስንጀምር ያው ሕመም መጣ። ሞተሩ እንደ ታነቀ ሰው ድምፁ ሰለለ፤ ሁለተኛ፣ ከዚያም አንደኛ። ባለመኪናዋ አልታገሏትም። ኩርባው ሳይደርስ ዳር ያዙ፤ የአደጋ መብራት አበሩ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ረዳቱም ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማዎች ሥር ታኮ አደረገ። (ታኮው ከመኪናው ላይ የማይጠፋ የእንጨት ቁራጭ ነው። ድንጋይ አስደግፈው ሲነሡ ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትተው የሚሄዱ ሹፌሮች አሉ፤ ማታ ከኋላ የሚመጣው ሰው ምን እንደሚገጥመው አያስቡም።)

እዚያው ዳር ቆመን ደብተሩን እንደ ገና አነበብነው። እርስዎም አንድ ቀን እንዲህ ቢገጥምዎ ይጠቅምዎታልና የሐሳቡን አካሄድ ልንገርዎ። የናፍጣ ሞተር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አየርና ናፍጣ። አየር ሲያንሰው፣ ለምሳሌ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን፣ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ናፍጣ ሲያንሰው ግን የሚጨስ ነገር ስለሌለ ጭስ ሳያሳይ ይደክማል። ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናይቱ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ፍሪሲዮን ነው። አንደኛው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ከሆነ ፍሬን ይዟል። የእኛይቱ ጭስ የላትም፤ ሞተሩም አይጮኽም፤ ጎማዎቿን ረዳቱ ዞሮ ዳሰሰ፣ እኩል ናቸው። እንግዲህ የራበው ናፍጣ ነው። የሚርበውም ብዙ በሚፈልግበት ጊዜ፣ ማለትም በጭነትና በአቀበት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ናፍጣው የሚቀረው የት ላይ ነው የሚለው ሆነ።

እያሳረፍን፣ ሁለት ጊዜ ቆመን ደብረ ሲና ደረስን። ከመንገዱ ዳር በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ ተባለ። ባለመኪናዋ «ጋሼ፣ ፖምፓው ነው ብለውኛል» ብለው ሲጀምሩ፣ አዛውንቱ «ቆይ ልጄ፣ ፖምፓው የት ይሄዳል? መጀመሪያ የምትጠጣበትን እንይ» አሉ። ደብተሩን ረዳቱ አነበበላቸው። «ስትቆም ትድናለች?» አሉ፤ «አዎን» ተባሉ። «ጭስ?» «የለም።» ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጀመሪያ የናፍጣውን መሙያ ክዳን ከፈቱ። የታንኩ መተንፈሻ ከተደፈነ ናፍጣው ሲመጠጥ ውስጡ ባዶ እየሆነ ይስባል፤ ክዳኑ ሲከፈትም አየር «ፍስስ» እያለ ይገባል። ያ ድምፅ አልተሰማም። ቀጥለው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ እየሠራ ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ተጫኑ። በዚህ ዓይነት ሞተር ናፍጣውን ከታንክ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው፤ ሌላ አቀባይ ፓምፕ በመካከል የለም። ስለዚህ ከታንክ እስከ ፖምፓ ያለው ቱቦ ሁሉ በመምጠጥ ላይ ነው። ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ ከማፍሰስ ይልቅ አየር ያስገባል፤ ድፍን ቢኖረው ደግሞ የእጅ ፓምፑ ወደ ታች ይሳብና አልመለስ ይላል። አዛውንቱ ረዳቱን ነዳጅ አስረግጠው አስያዙት። የእጅ ፓምፑ ወደ ታች ተስቦ ቀረ። «አየሽ፣» አሉ ለባለመኪናዋ፣ «ፖምፓሽ አልደከመም። እየሳበ ነው። የሚከለክለው ከበስተኋላ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ፈተና ርካሽ ነው፤ ማንም ጋራዥ ሊያደርገው ይችላል። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከካቢኑ ኋላ ጭነት መያዣው ላይ አጥብቀው አሰሩ፤ ከማርሚታው ራቅ አድርገው። ከጀሪካኑ አንድ ቱቦ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው፣ ሌላ ቱቦ ደግሞ የሚመለሰውን ናፍጣ ወደ ጀሪካኑ አስገቡ። የታንኩን መሥመር ፈትተው አፉን ደፈኑት። «በዚህ ጣርማበርን ውጪ። ብትደክም ፖምፓው ነው። ባትደክም ታንክሽን አስፈቺ።» የጠየቁት ዋጋ ከአንድ ከረጢት ሽንኩርት አይበልጥም።

ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው ያለው አቀበት ምን እንደ ሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ገደሉ በአንድ በኩል፣ ቋጥኙ በሌላ በኩል ነው። ባለመኪናዋ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርሁም፤ ረዳቱ ብቻ በየኩርባው ወደ ኋላ ዞሮ ጀሪካኑን ያያል። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ፤ አምስተኛው አለፈ። መኪናይቱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ስምንት ኩንታሏን ይዛ፣ ሳትንገጫገጭ ወጣች። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ባለመኪናዋ መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «የትምህርት ቤቱ ገንዘብ አለ» አሉ።

ደብረ ብርሃን አደርን። ጧት ታንኩ ወረደ። የቀረው ናፍጣ በነጠላ ጨርቅ እየተጠለለ ወደ በርሜል ተቀዳ፤ ከታንኩ የሚመጥጠው ቱቦም ወጣ። ጫፉ ላይ ባለው ወንፊት ዙሪያ መዳፍ የሚያክል የፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቀለሙ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ። ረዳቱ ወዲያው አወቀው። የመሙያው ክዳን ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ አፉ በፌስታልና በላስቲክ ታስሮ ብዙ ወር ተሂዶበታል፤ አዲስ ክዳን ሲገዛ ፌስታሉ የት እንደ ደረሰ ማንም አልጠየቀም።

ፌስታል በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ናፍጣ ግን ከውሃ የቀለለ በመሆኑ ፌስታሉ በናፍጣ ውስጥ ይሰጥማል፤ ከታንኩ ሥር ተኝቶ ይቆያል። በሜዳ ሞተሩ ጥቂት ስለሚጠጣ አይነካውም። አቀበት ላይ ሞተሩ አብዝቶ ሲስብ ፌስታሉ ተንሥቶ ወንፊቱን ይሸፍነዋል፤ ሞተሩ ይራባል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ፌስታሉ ተመልሶ ይወድቃል። መኪናይቱ በማረፍ የምትድነው ለዚህ ነበር። ናፍጣው ሙሉ ሆነ ጎደሎ ለውጥ ያላመጣውም ለዚሁ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቆማ ስትነሣ ደኅና መሆኗም እንዲሁ፤ ጋራዥ ውስጥ አቀበት የለም።

ሁሉም መኪና ፌስታል ውጧል ማለት አይደለም። በአንዳንዱ ዝገት ነው፤ በአንዳንዱ ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ይዞት የመጣ ጭቃ ወይም ውሃ ነው፤ በሌላው የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አየር እያስገባ ነው። አየር የሚገባ እንደ ሆነ ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ያለውን ቱቦ ለጊዜው በሚያሳይ ቱቦ ለውጠው አረፋ መኖሩን ይመልከቱ። በፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻም በየጊዜው ከፍተው ውሃውን ያስወጡ። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ተሳስቶ እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ይርገጥና ሌላው ኮፈን ከፍቶ ፖምፓው ላይ ያለው ማንሻ እስከ መጨረሻው መድረሱን ይይ። ይህ ሁሉ ከፖምፓ መፍታት በፊት የሚደረግ፣ ዋጋውም ቀላል የሆነ ነገር ነው። ቤንዚን የሚጠጡት ፒክአፖች ግን የካንዴላና የካርቡራተር ጣጣ ስላላቸው መንገዳቸው ሌላ ነው።

ታንኩ በናፍጣ ተለቅልቆ፣ ወንፊቱ ተጠርጎ፣ ፊልትሮው እንደ ገና ተለውጦ ቀትር ላይ ተነሣን። ሸኖ ላይ ቅቤው ተገዛ። አትክልት ተራ ስንደርስ ሽንኩርቱ አንድ ቀን ዘግይቷልና ዋጋው ትንሽ ወርዶ ጠበቀን፤ ባለመኪናዋ ተከራክረው ግማሹን አስመለሱ። በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ሄደው ቁልፍ ያለው ክዳን ገዙ። ፌስታሉን ልጅቱ ለምና ወሰደችው፤ አጥባ ከደብተሩ ስምንተኛ ገጽ ላይ ለጥፋዋለች።